ባዶ ፒክአፕ ለምን ይነጥራል? የደቡብ ኦሞ መንገድና የኋላ ባሌስትራ

ከጂንካ የሚነሱ ሁለት ፒክአፖችን እንውሰድ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥሪት ናቸው፤ የሁለቱም ኋላ በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በሚተጣጠፉ ዝርግ ብረቶች፣ ላይ የተቀመጠ ነው። አንደኛው የነጋዴ ነው፤ ሐሙስ ወደ ቀይ አፈር፣ ሰኞ ወደ ቱርሚ ገበያ ባዶውን ይሄድና አሥር ኩንታል እህል ጭኖ ይመለሳል። ሁለተኛው የጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አራት ባለሙያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥንና ጥቂት ካርቶን መድኃኒት ይዞ ወደ ሳላማጎና ወደ ሐመር ቀበሌዎች ይመላለሳል። የሁለቱም ሾፌሮች እሮሮ አንድ ነው፦ ካሶኒው ባዶ ሲሆን ኋላው ይነጥራል፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይዞ ይወርዳል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ የመኪናው ጭራ ወደ ጎን ይሸሻል። ጋራዥ ሲገቡም ልመናቸው አንድ ነው፦ «ከባሌስትራው አንዱን ብረት አውጣልኝ።»

ሕመሙ እውነተኛ ነው። ለዓመታት በሚያንገጫግጭ ወንበር ላይ የሚውል ሾፌር ለወገብ በሽታ ከሌላው ይበልጥ እንደሚጋለጥ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ካረጋገጡ ቆይተዋል። ኋላው የሚነጥር መኪናም ምቾት መንሳት ብቻ አይደለም፤ ጎማው መሬቱን ለቅቆ በሄደበት ቅጽበት ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። ስለዚህ ማለስለስ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ብረት ማውጣት በመፍትሔዎቹ ተርታ መጨረሻ ላይ የሚቆም እርምጃ ነው፤ ለነጋዴው ፒክአፕማ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም። ይህን ለማየት ባሌስትራው ለምን እንዲያ ግትር ሆኖ እንደተሠራ መረዳት ይቀድማል።

ግትርነቱ ከየት መጣ

ቶዮታ ሃይሉክስ ለገበያ ከቀረበበት ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጭነት ሥሪቱ ኋላ ባሌስትራ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ከባዱ ሥሪትም ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የፒክአፑ የፊት ባሌስትራ በሞላ ሲተካ የኋላው ግን ባለበት ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሌስትራ ክብደት መሸከም ብቻ ሳይሆን አክስሉን በቦታው አጽንቶ ይይዛል፤ ሸክሙን በሻንሲው ላይ በሁለት ነጥብ ያከፋፍላል፤ ሲሰበርም መንገድ ዳር በክሪክና በቁልፍ ሊፈታ ይችላል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚሠራ መኪና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዋጋው የሚከፈለው ባዶ ሲኬድ ነው። አሥር ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ብረት ባዶ ካሶኒ ሲሰጡት የሚያጎነብስበት ምክንያት የለውም። ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። የእያንዳንዱ የኋላ ባሌስትራ ግትርነት በሚሊ ሜትር 60 ኒውተን ነው እንበል፤ ማለትም ብረቱን አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ወደ 6 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያስፈልጋል። ባዶ ሲሆን በአንዱ ባሌስትራ ላይ 300 ኪሎ ግራም ያርፋል፤ አሥር ኩንታል በአክስሉ ላይ ሲጫን 800 ኪሎ ግራም ይሆናል። የንዝረቱ ድግግሞሽ የሚገኘው ግትርነቱን በሜትር ወደሚለካ ኒውተን ቀይሮ ለክብደቱ አካፍሎ የካሬ ሥሩን በመውሰድና በ6.28 በማካፈል ነው። ውጤቱ ባዶ ሲሆን በሰከንድ 2.25፣ ሲጫን ግን 1.4 ገደማ ነው።

የሰው አካል በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 የሚደርስ ቀስ ያለ መወዛወዝን በቀላሉ ይችላል፤ ድግግሞሹ ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ንዝረቱ ይከብደዋል፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ሲደርስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳዋል። እንግዲህ ያው መኪና ተጭኖ የሚመች፣ ባዶውን የሚደበድብ የሚሆነው ብልሽት ስላለበት አይደለም። ባሌስትራው የተሠራው ለማታው ጭነት ነው፤ ጠዋት ባዶውን ሲሄድ የሚሸከመው አጥቶ ነው የሚነጥረው። የመጀመሪያው ጥያቄም «እንዴት ላለስልሰው?» ሳይሆን «ይህ መኪና በእርግጥ ስንት ኩንታል ይጭናል?» መሆን አለበት።

ብረት ሳይነካ የሚገኝ ልስላሴ

ከመንገዱ ጀምሮ ወደ ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ስፕሪንግ ጎማው ራሱ ነው። የጎማ ልስላሴ በአብዛኛው የሚወሰነው በውስጡ ባለው አየር ነው፤ 50 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ወደ 35 ቢወርድ ግትርነቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ብዙ ፒክአፕ ግን ለጭነት የሚሆን አየር እንደተሞላ ባዶውን ይሮጣል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሠሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ በብዙ መኪና ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር አለው። ለጤና ጽሕፈት ቤቱ መኪና የባዶው ቁጥር ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ነጋዴው ግን አየሩን ቀንሶ ሄዶ አሥር ኩንታል ከጫነ ከመነሳቱ በፊት መልሶ መሙላት ይኖርበታል፤ በቆላው ሙቀት አየር ያነሰውና ጭነት የበዛበት ጎማ ውስጡ ግሎ ይፈነዳል። ልኬቱም ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ መሆን አለበት፤ ቀትር ላይ የሚታየው ከፍታ ሙቀቱ ያመጣው ስለሆነ አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ብረቶቹን መቁጠር ነው። ያገለገለ ፒክአፕ የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት ለጭነት ብሎ ተጨማሪ ብረት አስገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ባሌስትራ ማስጨመር የተለመደ ነውና። ከፋብሪካ የወጣበትን ቁጥር ከሥሪቱ መጽሐፍ ወይም ካልተነካ ተመሳሳይ መኪና ጋር ማስተያየት ይቻላል። የተጨመረ ካለ እሱን ማውጣት መቀነስ አይባልም፤ መኪናውን ወደ ልኩ መመለስ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ሰበቃ ነው። የባሌስትራ ብረቶች ሲተጣጠፉ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። በደቡብ ኦሞ ቀይ አቧራና በዝናብ ወቅት ጭቃ መካከል የቆየ ባሌስትራ ግን ብረቶቹ በዝገት ይያያዛሉ። ያን ጊዜ ትንሽ ጉብታ ሲመታ ብረቱ አይንቀሳቀስም፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ወንበሩ ያልፋል። ባሌስትራው በስሌት ሊኖረው ከሚገባው በላይ ግትር የሚመስለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ጥቅሉን ፈትቶ እያንዳንዱን ብረት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ስንጥቅ እንዳለው መመርመር፣ ከዚያም ጫፎቹ በሚነካኩበት ቦታ ደረቅ ግራፋይት መቀባት ወይም ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ማስገባት ነው። ተራ ግሪስ ለጥቂት ሳምንት ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አቧራውን ይዞ ብረቱን የሚፈጭ ሊጥ ይሆናል።

አራተኛው በባሌስትራው ሁለት ጫፎች ያሉት ጎሚኒዎች ናቸው። የኋለኛው ጫፍ የሚንጠለጠልበት ተወዛዋዥ ማያያዣ በነጻነት ካልተንቀሳቀሰ ባሌስትራው ሊረዝምና ሊተጣጠፍ አይችልም። እዚህ ላይ በብዙ ጋራዥ የሚሠራ ስህተት አለ፤ መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ፣ አክስሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶዎቹ እስከ መጨረሻው ይጠበቃሉ። መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ እንደ ተጨማሪ ስፕሪንግ እየገፋ ኋላውን ያደርቀዋል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ዳዶውን ላላ አድርጎ አስገብቶ፣ መኪናውን በጎማው ላይ አቁሞ፣ ጥቂት ወዝውዞ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ምንም አዲስ ዕቃ አይጠይቅም።

አምስተኛው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ባሌስትራው ምቱን ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መወዛወዝ የሚገታው ግን ሾክ አብዞርበሩ ነው። ዘይት ያፈሰሰ ከሆነ ኋላው ከአንድ ጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይነጥራል፤ ሾፌሩም ነገሩን የብረቱ ግትርነት አድርጎ ይወስደዋል። በሌላ በኩል ለከባድ ጭነት ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሾክ አብዞርበር ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም ራሱ ያንገጫግጫል። አቧራማ ረጅም ጉዞ ላይ ደግሞ ሾክ አብዞርበር ይግላል፤ ዘይቱ ይቀጥንና የመግታት ኃይሉ ይወርዳል። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት በኋላ የሚንሳፈፍ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚህ ይሂድ።

አንድ ብረት ሲወጣ ምን ይገኛል፣ ምን ይጠፋል

እነዚህ ሁሉ ተሠርተው አሁንም መኪናው ከነጠረ ወደ ብረቱ መምጣት ይቻላል። ሕጉ ይህ ነው፦ የባሌስትራ ግትርነት ከብረቶቹ ብዛትና ስፋት ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከውፍረታቸው ጋር በሦስተኛ ርቢ (በኪዩብ) ይጨምራል፤ ከርዝመታቸው ጋር ደግሞ በሦስተኛ ርቢ ይቀንሳል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በ7 ሚሊ ሜትር ቢተካ ግትርነቱ በሲሶ ይወርዳል። ርዝመቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር በሩብ ይወርዳል። ቶዮታ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሃይሉክስ ላይ የኋላውን ባሌስትራ በ100 ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዘመው በከንቱ አይደለም።

ብዛት ግን ደካማው መንገድ ነው። እኩል ከሚሠሩ አምስት ብረቶች አንዱ ሲወጣ ግትርነቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል። በምሳሌያችን የባዶው ንዝረት በሰከንድ ከ2.25 ወደ 2 ይወርዳል ማለት ነው። አሁን በሌላ በኩል እንየው፦ ምንም ብረት ሳይነካ ካሶኒው ላይ፣ ከአክስሉ በላይ፣ አንድ ኩንታል ተኩል አሸዋ ቢታሰር በእያንዳንዱ ባሌስትራ ላይ 75 ኪሎ ግራም ይጨመራል፤ ንዝረቱም በትክክል ወደዚያው 2 ይወርዳል። ብረት ማውጣትና አሸዋ ማሰር ለባዶ ጉዞ የሚያስገኙት አንድ ነው። ልዩነቱ አሸዋው ገበያ ሲደረስ ሊወርድ መቻሉ ነው፤ የወጣው ብረት ግን ጂንካ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል።

ያ ልዩነት የሚታየው ጭነቱ ሲመጣ ነው። አምስት ብረት የሚካፈሉት ሸክም ለአራት ሲቀር በእያንዳንዱ ላይ የሚደርሰው ጫና በ25 በመቶ ያድጋል። ብረት በአንድ ቀን ሸክም አይሰበርም፤ በሺህና በመቶ ሺህ በሚቆጠር መተጣጠፍ ይደክማል። ጫናው ሲጨምር ዕድሜው የሚያጥረው በዚያው ልክ ሳይሆን እጅግ ፈጥኖ ነው፤ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጫና ዕድሜውን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። አሥር ኩንታል ራሱ ከነሰዎቹ የብዙ ፒክአፖች የተፈቀደ ጭነት ጫፍ መሆኑን ስናስታውስ ነጋዴው ምን ያህል ጠባብ ቦታ ላይ እንደቆመ ይገባናል።

ከሥር ያለውን ወፍራም ዝርግ ብረት ማስወጣት ደግሞ የባሰ ነው። በብዙ ፒክአፖች ላይ ያ ብረት ባዶ ሲኬድ ከላይኞቹ ጋር አይነካካም፤ የሚሠራው መኪናው ሲጫንና ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ማውጣት ባዶውን ጉዞ ምንም አያለሰልስም፤ የጭነቱን ጉዞ ብቻ ያዳክማል። ከማስወጣት በፊት መኪናው ባዶውን በሜዳ ላይ ቆሞ ብረቱ ይነካ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል።

ቁልቁለቱ የሚጠይቀው

ብረት መቀነስ ሌላም መዘዝ አለው፤ መኪናው ከኋላ ዝቅ ይላል። በምሳሌያችን አሥር ኩንታል ሲጫን አራቱ ብረቶች ከአምስቱ ይልቅ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ይጎነበሳሉ። ያ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወሰደው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ካለው ነጻ ቦታ ነው። ቦታው ሲያልቅ አክስሉ ከመቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ ያን ጊዜ ባሌስትራው እንደሌለ ነው። ለልስላሴ ተብሎ የተቀነሰ ብረት የጭነቱን ጉዞ ከቀድሞው የባሰ ደብዳቢ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በብዙ ቆየት ያሉ ፒክአፖች ላይ ከሻንሲው ወደ አክስሉ በዘንግ የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ አለ። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እየለካ ኋላው ዝቅ ካለ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ኃይል ይለቃል። ብረት ወጥቶለት ዝቅ ያለ ባዶ መኪና እንደተጫነ ይቆጠርና በድንገተኛ ፍሬን የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይታሰራሉ፤ ጭራው ይዞራል። ብረት የተጨመረበትና ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ተጭኖ ሳለ የኋላ ፍሬኑ ያንሳል። ጂንካ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቆላ 500 ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት፣ ጠጠር ላይ፣ የፍሬን ሚዛን የተዛባበት መኪና መንዳት የሕይወት ጉዳይ ነው። የባሌስትራውን ከፍታ የለወጠ ሁሉ ይህን መቆጣጠሪያ እንደገና ማስተካከል ግዴታው ነው።

ሥራው ሲሠራም የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ባሌስትራ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ብረት ነው፤ በጋዝ እሳት አግሎ ማለስለስም ሆነ መበየድ ያን ሕክምና ያጠፋዋል፤ ብረቱም ወይ ጎብጦ ይቀራል ወይ በብየዳው ጠርዝ ይሰበራል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር አቅፈው የሚያስሩት ባለ ሁለት እግር ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና መጥበቅ አለባቸው። የመሐሉ ብሎን ጭንቅላት በአክስሉ መቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ በትክክል ካልገባ አክስሉ ወደ ኋላ ሊሸሽና ክሮቼራውን ሊጎዳ ይችላል።

ትክክለኛው ለውጥ ለማን

ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ መልሱ ከነጋዴው ይለያል። ዓመቱን ሙሉ ከሦስት ኩንታል በላይ የማይጭን መኪና ለአሥር ኩንታል የተሠራ ባሌስትራ መሸከሙ ትርፉ ድካም ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና ከነበረው ጥቅል አንድ ብረት ከመንቀል ይልቅ ለቀላል ጭነት ተብሎ በሙሉ የተሠራ ጥቅል መግጠም ይሻላል። በውጭ አገር የባሌስትራ አምራቾች ለአንድ ሥሪት መኪና ሁለትና ሦስት የጭነት ደረጃ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። መሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ የሚሄድ፣ ብረቶቹም በመሐልና በጫፍ ብቻ የሚነካኩ ጥቅልም አለ፤ በጥቂት ብረት ስለሚሠራና ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ለባዶ ጉዞ እጅግ የተመቸ ነው።

ለነጋዴው ደግሞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባ የአየር ከረጢት በንድፈ ሐሳብ ያማልላል፤ ለስለስ ያለ ባሌስትራ ገጥሞ ሲጭን ከረጢቱን መንፋት ነው። ነገር ግን ሸክሙን በሻንሲው አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል፤ በእሾህና በድንጋይ መንገድ ደግሞ ከረጢቱ የተቀደደ ዕለት መኪናው ጭነቱን ይዞ ይቀመጣል። መለዋወጫው ከሩቅ በሚመጣበት አገር የነጋዴው ጥሩ ምርጫ ያልተነካ ባሌስትራ፣ ንጹሕ ብረት፣ ደህና ሾክ አብዞርበርና እንደ ጭነቱ የሚለዋወጥ የጎማ አየር ነው።

ሁለቱም ሾፌሮች የሚጋሩት አንድ መሣሪያ አለ፤ ፍጥነት። ከኮንሶ በወይጦ ሸለቆና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ የሚገባው አስፋልት ሲለቀቅ የሚያጋጥመው ሞገድ የሠራ ጠጠር መንገድ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪዎች በአሸዋ ላይ የሚንከባለል ጎማ ሙከራ ሠርተው፣ ሞገዱ ስፕሪንግም ሾክ አብዞርበርም በሌለው ጎማ ሥር እንኳ እንደሚፈጠርና ከተወሰነ ፍጥነት በታች ግን መንገዱ ዝርግ ሆኖ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ሞገዶቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ይህ ጎማና አክስል ራሳቸው ከሚነጥሩበት ድግግሞሽ ጋር ይገጥማል። ፈጥኖ ቢያልፉት መኪናው ከጫፍ ጫፍ እየዘለለ የለሰለሰ ይመስላል፤ ጎማው ግን ግማሹን ጊዜ አየር ላይ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ ለወገብም ለመንገዱም ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ዋና ነገር የግዢ ጉዳይ ነው። ወረዳዎች፣ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች መኪና ሲገዙ የሞተሩን ኃይልና ዋጋውን ይጽፋሉ፤ በዓመት ውስጥ በአማካይ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ግን ብዙ ጊዜ አይጽፉም። ቁጥሩ ቢጻፍ የኋላው ባሌስትራ ለዚያ ሥራ ተመርጦ ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ባለመጻፉ የሚመጣው ችግር በተለይ ኋላቸው በባሌስትራ ላይ በተቀመጠ አምቡላንሶች ላይ ይብሳል፤ ምጥ የያዛት እናት የምትተኛው ከኋላ አክስል በላይ ነው፤ ጭነቷም የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ነው። ለአሥር ኩንታል የተሠራን ብረት ለእሷ ማለስለስ የአንድ ሾፌርና የአንድ ሜካኒክ ብልሃት ሆኖ መቅረት የለበትም። ጽሕፈት ቤቱ ጭነቱን መዝግቦ፣ ለጭነቱ የሚስማማውን ባሌስትራ ጠይቆ ገዝቶ፣ በየስድስት ወሩም ፈትቶ ማጽዳትን በጥገና መርሐ ግብሩ ውስጥ ማስገባት አለበት። ይህን ለማድረግ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ መዝገብና በሥርዓት የሚሠራ ጋራዥ ይበቃሉ።